የካርዱ ጀርባ

ኦቦ ለሜሳ ማረፋቸውን የሰማሁት በመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበርኩ። ምክትል ዳይሬክተሩ ሦስት መስመር ጽፎ ለጥፏል፦ ለረጅም ዓመታት በሪከርድ ክፍላችን ያገለገሉት ኦቦ ለሜሳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፣ ቀብራቸው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። ከሥሩ የጸሎት እጆች ምልክት ተደረደረ። እኔም "እግዚአብሔር ያጽናን" ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና አጠፋሁ። ተማሪዎቹ "ቲቸር፣ ምን ሆኑ?" ሲሉኝ ኔትወርክ እምቢ አለኝ አልኳቸው። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ትምህርት ቤታችን ያለባትን ከተማ ስም አልጠራም። ከአምቦ በስተምዕራብ፣ ወደ እጃጂ በሚወስደው አስፋልት ላይ ካሉት አንዷ ናት ልበላችሁ፤ አውቶቡስ ለአምስት ደቂቃ ቆሞ ተሳፋሪው በመስኮት ቆሎና ሙዝ የሚገዛባት ዓይነት። ስሟን የማልጠራው ለከተማዋ ክብር ተጨንቄ አይደለም። እዚያ ያሉ ሰዎች ይህን ካነበቡ ያለ ስምም ያውቋታል።

ወደዚያ የሄድኩት ከአምቦ ትምህርቴን ጨርሼ የአይሲቲ መምህር ሆኜ ስመደብ ነው። የምደባ ደብዳቤዬን ይዤ መጀመሪያ የገባሁት ሪከርድ ክፍል ነበር። አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው የደበዘዘ ሰማያዊ ጋዋን ለብሰው በካርቶን መካከል ተቀምጠዋል። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሸሚዛቸው ሥር ደግሞ የቁልፍ ማሰሪያ ይታያል። ደብዳቤዬን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና አመልካች ጣታቸውን ከመጀመሪያው መስመር አንስተው እስከ ማኅተሙ አስኬዱት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ ቆሜያለሁ፤ ሻንጣዬም እጄ ላይ ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉኝ ሲጨርሱ። "ይሄን ደብዳቤ አንብበኸዋል?"

"የራሴ ደብዳቤ ነው እኮ።"

"ያንተ መሆኑንማ አየሁ። አንብበኸዋል ወይ ነው የምልህ።"

አላነበብኩትም ነበር። ስሜን አይቼ፣ ማኅተሙን አይቼ፣ አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ኦቦ ለሜሳ ደብዳቤውን አዙረው በጣታቸው ሦስተኛው መስመር ላይ አስቆሙኝ። የስፖርት መምህር ተብዬ ነው የተመደብኩት።

"ሩጫ ትችላለህ?" አሉና ሳቁ። በዚያው ቀን ራሳቸው ወረዳ ድረስ አብረውኝ ሄደው አስተካከሉልኝ። መንገድ ላይ ከዚያ ወዲያ ስለ ስህተቱ አንድም ቃል አላነሱብኝም፤ ስለ አምቦ ወንዝና ስለ እናቴ ጤና ነበር የሚጠይቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ኢልማ ኮ" ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የወለዱት ልጅ አልነበራቸውም።

መምህራኑ "ኦቦ ልጠይቅህ" እያሉ ያሟቸው ነበር። ከእጃቸው ወረቀት ማውጣት ቀላል አልነበረማ። ትራንስክሪፕት ስትጠይቃቸው "አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ልጁ ራሱ የት አለ?" ይሉሃል። የክፍል ስም ዝርዝር ስትፈልግ "አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሥራውን ስትጨርስ ወረቀቱን የት ታደርገዋለህ?" ይሉሃል። አንድ ጊዜ በሀብቱ መሬት የጠበበው አንድ ባለ ወፍጮ መጥቶ ለልጁ ሊያጫት ያሰባትን ልጅ ካርድ ለማየት ፈለገ። የማን ልጅ ናት፣ ከየት መጡ፣ ዕድሜዋስ ስንት ነው፣ እሱን ነው የሚፈልገው። ኦቦ ለሜሳ ወንበር ሰጡት። "አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እሷ ያንተን ልጅ ካርድ አይታለች?" አሉት። ሰውዬው ተናዶ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ። ዳይሬክተሩ ቢለምናቸውም ካርዱ ከሳጥኑ አልወጣም።

እኔም ብዙ ጊዜ ያናድዱኝ ነበር፤ አልዋሽም። በአንድ ደቂቃ የሚያልቀውን ነገር ጣታቸው መስመር ለመስመር እየሄደ ሩብ ሰዓት ያስፈጀዋል። ስቸኩል "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይሉኛል። እኔ ደግሞ በልቤ "ያልቸኮለችም በረሃብ ሞተች" እላለሁ።

ስለ ካርዱ ጀርባ መናገር አለብኝ። የተማሪው ካርድ ፊት ላይ የሁሉም ትምህርት ቤት ነገር አለ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፎቶግራፍ፣ ውጤት። ጀርባው ባዶ ነው መሆን ያለበት። ኦቦ ለሜሳ ግን በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቁ ይጽፉ ነበር። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ የድሮው ካርዱ ስም ከአዲሱ ስም ካልገጠመ፣ ለምን እንዳልገጠመ ወላጆቹ ለእሳቸው ብቻ ይነግሯቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ማመሳከሪያ እንዲሆን በእርሳስ ያሰፍሩታል። ልጁ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ላጲስ አንስተው ያጠፉታል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ ካርዶቹን ከፊታቸው ከምረው፣ የላጲሱን ፍርፋሪ በጋዋናቸው እጅጌ እየጠረጉ።

በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆች ነገር ነበር ከሚጽፉት አብዛኛው። በእኛ አካባቢ በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ፣ ልጅ ነው፤ አለቀ። ወንድም ለወንድሙ ልጁን ይሰጣል። በሚሰጥበት ቀን ሽማግሌዎች ፊት ቃል ይገባል፤ በብዙ ቤት ከዚያ ወዲያ የወለደው ማን ነው ተብሎ አይነሳም። ለልጁ የሚነገረውም ቤተሰቡ በመረጠው ጊዜና በመረጠው አፍ ነው።

ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

አምቦ አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሶፍትዌር ይሠራል። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደውሎ "አንተ አሁንም ኮድ በእጅህ ነው የምትጽፈው?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በቪዲዮ አሳየኝ። ምስል የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ጥቁር መስኮት ብቻ ነው፤ ተርሚናል። ሥራህ ያለበትን ፎልደር ትከፍታለህ፣ እዚያ ውስጥ ሆነህ በአንድ ቃል ትጠራዋለህ፣ የምትፈልገውን ለሰው እንደምትነግር ትነግረዋለህ። ፋይሎቹን ራሱ ያነባል፣ ኮዱን ራሱ ይጽፋል፣ ጽፎም ራሱ ያስኬደዋል፣ ሲሳሳት ራሱ ተመልሶ ያርማል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲባል ጥያቄ የሚመልስ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ይሄ ግን ሥራ የሚሠራ ነው። ጓደኛዬ ሲሰናበተኝ "ስትጀምር ፎልደሩ ውስጥ የቤቱን ደንብ የሚጽፉበት አንድ ፋይል አለ፤ ምን እንዳይነካ እዚያ ጻፍለት" አለኝ። "ደግሞ እየሠራ ይጠይቅሃል። ሲጠይቅህ አንብብ።"

ለመሞከሪያ የመረጥኩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎችን ዝርዝር ነው። ስማቸው ለብሔራዊ ፈተና ከመላኩ በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እያንዳንዱ ተማሪ ያረጋግጣል። በእጅ ሲሠራ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ሁልጊዜም የአንድ ሰው አያት ይሳሳታል። ኦቦ ለሜሳን አስፈቀድኩና ካርዶቹን በስልኬ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። "የፊቱን ብቻ" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። ለምሳ ሲወጡ ጀርባውንም አነሳሁት። ክፋት አልነበረኝም። አንዳንዱ ጀርባ ላይ ልጁ የመጣበት ትምህርት ቤት ስም ስላለ ለሱ ብዬ ተመልሼ እንዳልመጣ ነው። ስንፍና ነው በአጭሩ።

በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ ሪከርድ ክፍል ገባሁና "የቤቱን ደንብ ይንገሩኝ፤ እጽፍለታለሁ" አልኳቸው። ደስ አላቸው። ማንም ደንባቸውን ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ወንበራቸውን ወደኔ ስበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ልጁ ራሱ ሳይመጣ ስም አይታረም። ፎቶ የሌለው ካርድ አይዘለልም። ጀርባው አይነካም።

ሁለቱን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። የጀርባዎቹ ፎቶ እዚያው ፎልደር ውስጥ ከፊቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ተቀምጧል። ደንቡን ከጻፍኩት መለየት፣ ማጥፋት፣ እንደገና መቁጠር ሊኖርብኝ ነው።

"ጻፍከው?" አሉኝ።

"ጽፌዋለሁ።"

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስኬዱ። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም መስመር መቁጠር ማን ይከለክላቸዋል። "ሦስት ነግሬህ ሁለት መስመር ነው የማየው፣ ኢልማ ኮ።"

"ሁለቱ አንድ ላይ ነው የተጻፉት።"

አመኑኝ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ እያሰብኩ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የሚያቃጥለኝ ግን የለም። ሌላው ሁሉ ቸኩዬ ነው ይባላል። እሷን ግን ፊታቸውን እያየሁ ነው ያልኳት።

መሣሪያውን ከፈትኩላቸው። ፎልደሩን አየ፣ ሊሠራ ያሰበውን ዘረዘረ፣ ከዚያም ቆመና ጠየቀ። ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው፦ "ይህን ፋይል ልጻፍ ወይ ይላል። መልሱ ሦስት ዓይነት ነው፤ አዎ፣ ወይም አዎ ሁለተኛ አትጠይቀኝ፣ ወይም አይሆንም።"

ኦቦ ለሜሳ ጉልበታቸውን መቱ። "ኩን ጋሪ ዳ!" አሉ። "ይሄስ ጥሩ ነው! ደህና አድርገው አሳድገውታል፤ ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል።" ለዚያ ሳምንት ሙሉ ላገኙት መምህር ሁሉ የዮናስ ማሽን እንደሳቸው እንደሚጠይቅ ይናገሩ ነበር። ዮናስ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ጥያቄው ሰለቸኝ። ይሄን ላንብብ፣ ያንን ልቀይር፣ ይሄን ላስኪድ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። "አዎ፣ ሁለተኛ አትጠይቀኝ" የሚለውን ተጫንኩ። እፎይ! ሥራው እንደ ውኃ ወረደ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ ሊያልቅ ሲል ግን እንደገና ቆመ። አትጠይቀኝ ብዬው ሳለ ይሄን ጠየቀኝ። ረጅም ጽሑፍ ነው። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ "ደረሰ ወይ?" እያለኝ ነበር፤ የዕረፍት ደወል ሊደወል ነው። የመጀመሪያውን መስመር እንኳ በቅጡ ሳላይ አዎ አልኩት። አተምኩ። ራሴ ወስጄ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። ዳይሬክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ጥያቄውን ያነበብኩት ከመለጠፌ በፊት ሳይሆን፣ በዕረፍቱ ጩኸቱን ሰምቼ ከሮጥኩ በኋላ ነው። በአሥራ አንድ ካርዶች ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ሌላ የአባት ስም አገኘሁ ይላል። የግል የቤተሰብ ጉዳይ ይመስላል፣ በሚለጠፈው ዝርዝር ውስጥ በራሱ ዓምድ ላስገባው? አይሆንም ካልከኝ እተወዋለሁ ብሎ ነበር የጠየቀኝ።

ሌንሴ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ጎበዝ፣ ዝምተኛ፣ ሦስተኛ ረድፍ ላይ የምትቀመጥ። አሳዳጊዋ፣ ማለቴ አባቷ፣ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የሆኑት ኦቦ ረጋሳ ናቸው። ሰሌዳው ጋ የደረሰ አንድ ተማሪ የሷን መስመር ጮክ ብሎ አነበበው። የቀድሞ አባት ስም በሚለው ዓምድ ላይ ያለው ስም የአጎቷ ስም ነበር። የአጎቷ ልጅ አብሯት ይማራል፤ አጠገቧ ቆሞ የራሱን ስም እየፈለገ ነበር። ስደርስ ሌንሴ አልጮኸችም፤ የሚጮኹት ሌሎቹ ናቸው። እሷ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ከስሟ እስከ ዓምዱ ድረስ ደጋግማ ትሄድበታለች፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ወረቀቱን ገነጠልኩት። ምን ዋጋ አለው፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ሰኞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰበሰብን። ኦቦ ረጋሳ አልተቀመጡም።

"ለሜሳ" አሉ፣ "ቤትህ መጥቼ ነው የነገርኩህ። ሚስቴ እንኳ አልነበረችም። አንተና እኔ ብቻ።"

ዳይሬክተሩ ወደኔ ዞረ። "ዮናስ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ?"

"እኔ የተሰጠኝን ካርድ ነው ያስገባሁት" አልኩ። "ማሽኑ ካርዱ ላይ ያለውን ነው የሚያነበው።"

ቃል በቃል ብታዩት ውሸት የለበትም። ካርዱ ተሰጥቶኛል፤ ማሽኑም የሚያነበው ያለውን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው ጀርባውንም ሰጡኝ ማለት ነው። ለምን አልኩ? ፈርቼ ነው። ደግሞ ከዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ሥራዬን አይተው፣ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን ሥልጠና እንድሰጥ ሊጠሩኝ ነበር። ያቺን ጥሪ ላለማጣት ነው። እንደዚህ ስጽፈው ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነች ይታየኛል።

ኦቦ ለሜሳ አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ" ሊሉኝ ነው አልኩ በልቤ። ቢጠይቁኝ ኖሮ መዋሸት የምችል አይመስለኝም። አልጠየቁኝም። ከሸሚዛቸው ሥር ማሰሪያውን ስበው ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው የነበረው" አሉ። "ጥፋቱም እኔ ጋ ነው።"

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸውና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ የተሰበረ ዴስክ መቁጠር። ኦቦ ረጋሳና እሳቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ከዚያ ሰኞ በኋላ ኦቦ ረጋሳ ወንበር ቀየሩ ሲባል ሰማሁ። ሌንሴ ሦስት ሳምንት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ፈተናውን ተፈተነች፤ ነጥቡ አልመጣላትም። ብዙ ልጅ ነጥብ አይመጣለትም፤ እሷ ግን ይመጣላታል ብለን ከምንጠብቃቸው ነበረች።

እኔ ሥልጠናውን አምቦ ሄጄ ሰጠሁ። ከጊንጪ፣ ከደንዲ፣ ከአዲስ ዓለም ሳይቀር መምህራን መጥተዋል። እንዴት እንደሚጀመር አሳየኋቸው፤ ፎልደሩን፣ ጥቁሩን መስኮት፣ የደንቡን ፋይል። ያኔ ሦስተኛዋ መስመር ተጽፋለች፤ ጀርባው አይነካም የምትለው። "ሲጠይቃችሁ አዎ ከማለታችሁ በፊት ጣታችሁን በየመስመሩ አስኪዱ" አልኳቸው፣ ጣቴን ስክሪኑ ላይ እያስኬድኩ። አንዲት መምህርት "ይሄን ዘዴ ከየት አመጣኸው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ከልምድ" አልኳት።

ኦቦ ለሜሳ በየጠዋቱ በግምጃ ቤቱ በር ሳልፍ ያገኙኝ ነበር። "አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው፣ ድሮ እንደሚሉኝ። እናቴን ይጠይቁኛል። የአምቦን ዝናብ ይጠይቁኛል። ያንን አንድ ነገር ግን አልጠየቁኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኔ አፍ ዓመት ሙሉ ንጹሕ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ጡረታ ወጡ። በግምጃ ቤቱ በር ሳልፍ ሰላም የሚለኝ ሲጠፋ ደግሞ ቀለለኝ። ይሄንንም መጻፍ አለብኝ፤ ቀለለኝ።

ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ። በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጫፍ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው አዴ በዳቱ ከሴቶቹ ጋር ከውስጥ ነበሩ፤ አላዩኝም። አጠገቤ ሁለት ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ።

"ረጋሳ ቀብርም አልመጣ" አለ አንዱ።

"እንዴት ይምጣ? ኦቦ ለሜሳስ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ያቺ የልጅቷ ነገር ባትኖር።"

"ምን ታረገዋለህ፣ ሰው ሲያረጅ አፉ ይላላል።"

የባለ ወፍጮው ፊት መጣብኝ። ያ ሁሉ ሰው እየተቆጣ የተመለሰበት በር መጣብኝ። የኦቦ ለሜሳን አፍ ላላ ያስባልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ስማቸውን አብሬ ልቀብር ተቀምጫለሁ። ተነሳሁ።

የኦቦ ረጋሳ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። በሩ ክፍት ነበር። ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተጠርጓል። ለለቅሶ ለመሄድ እንደለበሱ ነው፤ ለብሰው መውጣት አቅቷቸው።

ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረስኩም። "ኦቦ ረጋሳ፣ ኦቦ ለሜሳ አልተናገሩም። እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"ምንድን ነው የምትለው?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ለምሳ ሲወጡ ያነሳሁትን ፎቶ፣ ያልጻፍኩትን መስመር፣ ያላነበብኩትን ጥያቄ፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ያልኩትን።

"ማሽኑ ነዋ ያወጣው" አሉ ቀስ ብለው። ሊያቀሉልኝ ይሁን ወይም ገና አልገባቸው እንደሆነ አላውቅም።

"አይደለም። ማሽኑ ጠይቆኛል። አዎ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሌንሴ በሩ ላይ ቆማለች። በድጋሚ ለመፈተን እያጠናች ነበር መሰለኝ፣ ደብተር ይዛለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላየሁም።

"ቲቸር" አለችኝ፣ "ሲጠይቅዎት አንብበውት ነበር?"

"አላነበብኩትም።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ምን ይላል?"

"የቤተሰብ ጉዳይ ይመስላል፣ እንዲያም ሆኖ ላስገባው ወይ ይላል።"

ደብተሩን ደረቷ ላይ ያዘችው። "እሱ እንኳ ገብቶታል" አለች። ተመልሳ ገባች።

ኦቦ ረጋሳ ወደኔ ዞሩ። "ዓመት ሙሉ" አሉ። "በአንድ በር ገብተን በአንድ በር ስንወጣ ፊቴን አዞርበት ነበር። ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ትናንት ለምን አልመጣህም?" አሉ። "ትናንት ብትመጣ ቀብሬው ነበር።"

ተነሱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ መንገድ ጀመሩ። ከጎናቸው ልሆን ስል እርምጃቸውን አፈጠኑ፤ ገባኝና ከኋላ ተከተልኩ። አስፋልቱን ስንሻገር አንድም ጊዜ ዞረው አላዩኝም።

የለቅሶ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። "ያ ለሜሳ!" ብለው ጮኹ። "ያ ለሜሳ ኮ! ዲፋማ! ይቅር በለኝ! አንተ አልተናገርክም! ወንድሜ ይቅር በለኝ!" ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተነሳ። ሴቶቹ ከውስጥ ወጡ። ያ ቃል የኔ ነበር፤ ምንም ያላጠፉ ሰው ተሸክመውልኝ ይጮኹበታል። "እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ከፊት ካሉት ሰዎች አላለፈም። ሁለተኛ ደግሞ ጮክ ብዬ አልኩት። ያ አፉ ይላላል ያለው ሰውዬ ዞሮ አየኝ።

ኦቦ ረጋሳን ደግፈው ወደ ውስጥ አስገቧቸው። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፤ መግባትም መውጣትም አልቻልኩም። አዴ በዳቱ ነጠላቸውን አደግድገው በሰዎቹ መካከል መጡ። ዓይናቸው አብጧል። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ።

"ወንበር ስጡት" አሉ ለሰዎቹ።

ከዚያ ጠጋ ብለው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ "ለሜሳ 'አንድ ቀን ይመጣል' ብሎኛል" አሉኝ። "'ሲመጣ ወንበር ስጪው፤ ምንም እንዳትጠይቂው' ብሎኛል።"

ወንበር አመጡልኝ። ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።